የተፈተሸ ቤት

ፋዱሞ ከቴሌግራሙ ላይ አንድ ቃል መጉደሉን ያየችው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። በዚያን ሰዓት ሃያ ሦስቱም ጥቅል ቤቷ ገብቶ፣ በሯ ላይም ዘብ ቆሞ ነበር።

ማንበብ አትችልም። ነገር ግን ልጇ ዲሪር አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም ሲጽፍላት የደብዳቤው መጨረሻ ሁልጊዜ «ልጅሽ» ስለነበረ፣ ሦስቱን ፊደላት እንደ ሦስት ጎረቤት በመልክ ታውቃቸዋለች። ደብዳቤ በደረሳት ቁጥር መጀመሪያ ዐይኗ የሚወርደው ወደዚያ ነው። እነሱን ካየች ልጁ አልሞተም ማለት ነው፤ የቀረውን ሌላ ሰው ያንብበው። ሰኞ ዕለት ግን ቴሌግራሙ ከእጇ ሳይደርስ ሴት ልጇ ዓሻ ተቀብላ፣ ደጅ ላይ ቆማ፣ መንደሩ እስኪሰማ አነበበችው። «ሐሙስ ማታ በባቡር እገባለሁ። ቤትሽ አድራለሁ።» የድሬዳዋው መጋላ መንደር እልል አለ። ወረቀቱ ተጣጥፎ ሳጥን ገባ። ሐሙስ ጠዋት ለአንዲት እንግዳ ልታሳይ ስታወጣው ሦስቱ ፊደላት በቦታቸው የሉም።

ወረቀቱን ይዛ ፊት ለፊት ወዳለው ልብስ ሰፊ፣ ወደ ዐብዱላሂ ተሻገረች።

«ኢዶ ፋዱሞ፣ ምነው? ሰው ሞተ?» አላት። እሷን ሲጠራት እንደ አክስቱ ኢዶ ነው የሚላት።

«እሱን አንተ ንገረኝ። ከታች ያለውን አንብብልኝ።»

ዐብዱላሂ መነጽሩን ሰካ። «ዲሪር ገዲ፣ የገንዘብ ሚኒስትር።»

«ልጅሽ አይልም?»

«አይልም።»

«ገልብጠህ እየው።»

ገልብጦ አየው። «በዚህ በኩል ባዶ ነው። ኢዶ፣ ቴሌግራም እኮ የሚከፈለው በቃል ነው። ቆጥቦ ይሆናል።»

«አንድ ቃል ለመቆጠብ ሁለት ቃል ይጨምራል? ኢኮኖሚ የተማረው እኮ እሱ ነው።»

ፋዱሞ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና መንገዱን መልሳ ተሻገረች። ልጇ አይደለም የሚመጣው። ሚኒስትሩ ነው የሚመጣው።

እውነቱን ለመናገር ፋዱሞ ይህን ቀን ስትጠብቀው ነው የኖረችው። ባሏ ገዲ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ ዲሪር የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ በወባ ሞተባት። ከዚያ ወዲህ ለልጁ የመጣ መልካም ነገር ሁሉ ለእሷ የክፉ ነገር መንገድ ጠራጊ ነው። የፈረንጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ሃይማኖቱን ያስቀይሩታል ብላ አለቀሰች፤ አንደኛ ወጥቶ መጣ። ሁለተኛ ደረጃ ሊማር አዲስ አበባ ሲሄድ ብርድ ይገድለዋል ብላ የሱፍ ሹራብ በባቡር ሰደደችለት፤ ወፍሮ ተመለሰ። ባሕር ሲሻገር መርከቡ ይሰምጣል አለች። መርከቡ አልሰመጠም፤ እሷ ግን ልጁ መድረሱን እስክትሰማ ድረስ ዓሣ አልበላችም።

ከዚያ ሲመለስ የተማረውን ጠየቀችው።

«ኢኮኖሚ ነው፣ ሆዮ» አላት። እናቱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሶማልኛ ሆዮ ብሎ ነው የሚጠራት።

«እሱ ምንድን ነው?»

«ሰው የሚፈልገው ብዙ፣ ያለው ጥቂት ሲሆን ምን እንደሚያደርግ የሚያጠና ትምህርት ነው።»

«ይሄንንማ እዚሁ መጋላ ቁጭ ብለህ ታየው አልነበረም? ባሕር መሻገሩ ምን አስፈለገ?»

ባንክ ተቀጠረ፤ ባንኩ ይዘረፋል አለች። ከባንኩ ወደ ፕላን መሥሪያ ቤት ወሰዱት። ስለ ቀረጥ አንድ ወፍራም ጥናት ጻፈና ትልልቆቹ ሰዎች አነበቡት፤ ምክትል ሚኒስትር አደረጉት። ፋዱሞ ይህን ስትሰማ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከሱ በፊት ቦታው ላይ የነበረው ሰውዬ የት ሄደ?» አምባሳደር ሆኖ ስሙን ሰምታ ወደማታውቀው አገር ሄደ አሏት። በአምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት መጋቢት ላይ ሬዲዮው ዲሪር ገዲ የገንዘብ ሚኒስትር መሆኑን ሲያወራ ደግሞ ያንኑ ጠየቀች። የቀድሞው ታመው ነው አሏት። ሦስት ቀን ጾመች። አዲስ አበባ ሚኒስትሮች በታኅሣሥ በአንድ ክፍል ውስጥ ከተረሸኑ ገና ሦስት ዓመት አልሞላም። ሚኒስትርነት ሰው የሚሞትበት ሥራ መሆኑን ሌላው ቢረሳ እሷ አትረሳም።

የመጋላ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ሹመት የገባው ሌላ ነገር ነው። ኮንትሮባንድ የሚይዙት ዘቦች፣ ፊናንስ የሚባሉት፣ በገንዘብ ሚኒስትር ሥር ናቸው። ስለዚህ የገዲ ልጅ የፊናንሶች ሁሉ አለቃ ሆኗል። ስለዚህ የአለቃውን እናት ቤት የሚፈትሽ ፊናንስ እናቱ አልወለደችውም።

ይህን ሒሳብ መጀመሪያ ያሰላችው የግድግዳ ጎረቤቷ ኑርቶ ናት። ኑርቶ ከጅቡቲ ጨርቅ እያመላለሰች ስድስት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። ፋዱሞ ዲሪርን ወልዳ ትኩሳት ሲጥላት አርባ ቀን ያጠባችውም እሷ ናት፤ ስለዚህ ሚኒስትሩ የጡት ልጇ ነው። በተሾመ በሳምንቱ አንድ ጥቅል ተሸክማ ገባችና ከአልጋው ሥር አስቀመጠችው።

«አማና ነው» አለች።

አማና አደራ ነው። የተቀበለ አይከፍተውም፣ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም፣ ባለቤቱ ካልመጣ ለሌላ አይሰጥም። መጋላ ውስጥ አማና አልቀበልም ያለ ሰው ታይቶ አይታወቅም፤ ይህን የሚል ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል? ፋዱሞ ጥቅሉን አየችው፤ ከጥቅሉ ውስጥ ልጇ ታስሮ ሲወጣ ታያት። «አላህ ይጠብቀው» አለች።

እስከ ሰኞ ድረስ ጥቅሎቹ ዘጠኝ ደርሰው ነበር። ቴሌግራሙ ከተነበበ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ አራት ተጨመሩ። ሴቶቹ ነገሩን አስበውበታል፦ ሚኒስትሩ ከተማ ሲገባ ፊናንስ ሥራውን ለማሳየት የሰው ቤት ሁሉ ይገለብጣል። የማይገለበጠው ሚኒስትሩ የሚያድርበት ቤት ብቻ ነው። ሒሳቡ እንከን አልነበረውም።

ፋዱሞ ከልብስ ሰፊው ስትመለስ በሯ ላይ የቆመው ሃምሳ አለቃ ሰላምታ ሰጣት። ጢሙ የሸበተ፣ ከሰሜን ተዛውሮ ከመጣ ገና ሦስት ሳምንቱ የሆነ ሰው ነው፤ ከንጋት ጀምሮ ለክብር ቆሟል።

«እናቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አላት። «ትእዛዙ ዛሬ ጠዋት ተነበበልን። ክቡር ሚኒስትሩ ከባቡር እንደወረዱ መጀመሪያ የሚያስፈትሹት የእርስዎን ቤት ነው።»

«የኔን ቤት?»

«መጀመሪያ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ሹም አላየሁም። ከአዲስ አበባ ሁለት ሹማምንት አብረዋቸው ይመጣሉ፤ የጋዜጣ ሰውም አለ፤ ፎቶ ይነሣል። ምቀኞች ‹የሚኒስትሩ እናት ቤት የኮንትሮባንድ መጋዘን ነው› ብለው ማመልከቻ አስገብተዋል አሉ። አፈር ይብሉ! በዐይናቸው አይተው ይመለሳሉ።»

«አዎ፣ በዐይናቸው ያያሉ» አለች ፋዱሞ።

ገባችና በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። ጥቅሉ ከአልጋው ሥር ሞልቶ፣ በሳጥኖቹ ላይ ተደርድሮ፣ ዲሪር ይተኛበታል ተብሎ በተነጠፈው አልጋ ግርጌ ተቆልሏል። ሌላ ሴት ብትሆን ትጮህ ነበር። ፋዱሞ ግን ባሏ ከሞተ ጀምሮ ክፉውን ነገር ሃያ ስድስት ዓመት ስትጠብቀው ኖራ፣ ሲመጣ እንደ ዘገየ እንግዳ ነው የተቀበለችው። ዓሻን በግድግዳው በኩል ኑርቶን እንድትጠራ ላከቻት።

ኑርቶ መጥታ ነገሩን ሰማች።

«ያስሩታል?» አለች።

«ሌላ ምን ያደርጉታል? ‹እናቱ ቤት ሃያ ሦስት ጥቅል ተገኘ› ብሎ ጋዜጣው ሲወጣ፣ ያውም ከነፎቶው! ኑርቶ፣ አማናሽን ውሰጂልኝ። ሁሉም ይውሰድልኝ።»

«በምን በኩል? በየማዕዘኑ ፊናንስ ነው። እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ በግራና በቀኝ ተሰልፈዋል። ለክብር ነው ይላሉ፤ ግን ዕቃ የያዘን ሰው ሁሉ ያስፈቱታል። ጠዋት የዳሃቦን የወተት ዕቃ እንኳን ከፍተው አይተዋል።»

ዓሻ «እናቃጥለው» አለች።

«አላህ ይይልሽ» አለች ኑርቶ፤ «የሃያ ሦስት ሴት ጉሮሮ ነው የምታቃጥዪው።» ቀጥላም ፋዱሞን አየቻት። «ናያ፣ አንቺ ሴት፣ ስሚኝ። ዘቡ የታዘዘው ምንድን ነው? ዕቃ በእጁ የያዘ እንዳያልፍ አይደል?»

«በእጁ ወይ በጀርባው ወይ በራሱ።»

«እና ከጅቡቲ የምመጣው በእጄ ይዤ ነው እንዴ?»

ከእኩለ ቀን በኋላ የመጋላ ሴቶች ለሚኒስትሩ አቀባበል ሊሰናዱ ወደ እናቱ ቤት መግባት ጀመሩ። ሃምሳ አለቃው እያንዳንዷን ባዶ እጇን መሆኗን እያየ አሳለፋቸው። ቀጭን ገብተው ወፍራም ወጡ። ውስጥ ኑርቶ እንደ ጣቃ ነጋዴ ቆማ ታለብሳቸዋለች፤ አንዱ ቀሚስ በሌላው ላይ፣ ሻሹ በወገብ ዙሪያ፣ ጣቃው ከብብት እስከ ዳሌ እየተጠመጠመ፣ ከሁሉም በላይ ሰፊው ዲሪዕ፣ ስስ የበዓል ቀሚሳቸው። ባለቤቶቹ ሃያ ሦስት ስለሆኑና ዕቃው ከአካላቸው ስለበለጠ፣ እኅትና ምራት ተጠርቶ አርባ ሆኑ። ማንም የራሱን ካልሆነ የዘመዱን ነው የለበሰው፤ አማናው ሥርዓቱን ጠብቆ ተመለሰ። ዳሃቦ በወትሮው ነፋስ የሚያወላውላት ሴት ናት፤ ስትወጣ በበሩ በጎን ነው ያለፈችው።

ሃምሳ አለቃው ሠላሳ ዘጠነኛዋን ካሳለፈ በኋላ ፋዱሞን ጠየቃት።

«እናቴ፣ እዚህ አገር ለእንግዳ አቀባበል እንዲህ ነው የሚለበሰው? በዚህ ሙቀት?»

«ለትልቅ ሰው ነው» አለች።

የአገሩ ልማድ ነው ብሎ ተቀበለው።

በመጨረሻ የቀረው ጨርቅ ያልሆነው ነበር፦ የጠረጴዛ ሰዓት፣ ደወል ያለው፣ ስምንት። የኑርቶ ነው። ሆዷ ላይ በሻሽ አሰረችውና የስምንት ወር እርጉዝ መሰለች። ዕድሜዋ አምሳ ስድስት ነው።

«አንቺስ?» አለች ፋዱሞን፤ «ሁለት ቀሚስ ቀርቷል።»

«እኔ አልለብስም። እኔ ከለበስኩ ይያዛል።»

ይህንንም አመኗት። ሁለቱን ቀሚስ ዓሻ ለበሰች።

ባቡሩ ከአዲስ አበባ ንጋት ተነሥቶ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ድሬዳዋ ይገባል። በግንቦት በዚያ ሰዓት ከጣቢያው ድንጋይ የሚወጣው ሙቀት ከቀኑ ይብሳል። ከንቲባው፣ የሃይማኖት አባቶችና የትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈዋል፤ ከጎናቸው አርባዎቹ ሴቶች እያንዳንዳቸው የሁለት ሰው ቦታ ይዘው፣ ላብ እየተንጠባጠባቸው ቆመዋል። ፋዱሞ ከፊታቸው ናት። ከአሁን አሁን አንዷ ትወድቃለች እያለች በየደቂቃው ወደ ኋላ ትዞራለች።

ዲሪር ወረደ። ግራጫ ሱፍ፣ መነጽር፣ እንደ አባቱ ቀጭን አንገት። ከኋላው ሁለቱ ሹማምንትና ካሜራ ያንጠለጠለው ሰው ወረዱ። ከንቲባው ንግግር አደረገ። ዲሪርም መልስ ሊሰጥ ወረቀቱን አወጣ።

«የተወለድኩባት ከተማ ሕዝብ» ሲል ከኑርቶ ሆድ ውስጥ ሰዓቱ ጮኸ።

የጠረጴዛ ሰዓት ደወል እንደማንም ድምፅ አይደለም፤ የሚመስለው ነገር የለም። ሹማምንቱ ዞሩ። ኑርቶ ምላሷን ከላንቃዋ አላቅቃ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሠላሳ ዘጠኙ ተከተሏት። ሰዓቱ እስኪያልቅበት ድረስ እልል አሉ። ጠንካራ ሰዓት ነበር። የትምህርት ቤቱ ልጆች ያለቀ መስሏቸው መዝሙር ጀመሩ።

ዲሪር ወረቀቱን ይዞ ሴቶቹን ተመለከታቸው። ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ በአንድ። ዲሪር መጋላ ያደገ ልጅ ነው፤ በዚያው በጅቡቲ ባቡር ላይ በልጅነቱ ስንት ጊዜ በኑርቶ ጭን ላይ ተቀምጦ፣ ጭኗ ለምን እንደሚቆረቁረው ጠይቆ ተቆንጥጧል። ፊቱ ላይ ምንም አልታየም። ፋዱሞ ይህን ፊት የት ይማሩታል ብላ አሰበች፤ ባሕር ማዶ መሆን አለበት።

«ሕዝቡ ለእኔ ሲል ስለከፈለው ድካም አመሰግናለሁ» አለና ወረቀቱን ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ወደ እናቱ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ሳመ።

«ሆዮ» አላት በጆሮዋ፤ «ካለው ሰው ሁሉ አንቺ ብቻ ከስተሻል።»

«ቤቱም ከስቷል» አለችው።

ፍተሻው አንድ ሰዓት ፈጀ። አምስት ፊናንሶች ሁለቱን ክፍል፣ ማድቤቱን፣ የፍየሎቹን በረት ገለበጡ። ሁለቱ ሹማምንት ቆመው አዩ። አንደኛው፣ ወፍራሙ፣ የዲሪርን ፍራሽ በእጁ ዳበሰ፤ ትራሱን ጨመቀ። አልጋ ተገኘ፤ ሁለት ሳጥን ተገኘ፤ ገዲ ከሐዲዱ ጓደኞቹ ጋር የተነሣው ፎቶግራፍ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ደብዳቤ፣ ሦስት ድስት፣ ሁለት ፍየል ተገኘ። ዲሪር ግቢው መሐል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ፋዱሞ እያንዳንዱ የሳጥን ክዳን ሲነሣ ዐይኗን ትጨፍናለች። ሁሉም መውጣቱን በዐይኗ አይታለች፤ ቢሆንም አንዱ ተረስቶ ቢሆንስ?

የተረሳ አልነበረም። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ጻፈና የጣት አሻራዋን እንድታኖር ጠየቃት።

«ምን ይላል?» አለች።

«በቤቱ ውስጥ ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ አልተገኘም ይላል።»

«አልተገኘም ነው? አልነበረም አይልም?»

«አልተገኘም ነው የሚለው።»

«እንግዲያው አምጣው» አለችና አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረች።

ወፍራሙ ሹም ዲሪርን ጨበጠው። «ክቡር ሚኒስትር፣ እንግዲህ ስለ ቀረጥ ያቀረቡትን ደንብ የሚቃወም ያለ አይመስለኝም» አለ፤ ደስ ያለው ግን አይመስልም። ሁለቱም የጋዜጣውን ሰው ይዘው ከዚራ በሚባለው ሰፈር ወዳለው ሆቴላቸው ሄዱ። ፊናንሶቹም ሰልፋቸውን ይዘው ሄዱ። ሃምሳ አለቃው ሲሰናበት የፋዱሞን እጅ ሳመ።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ፤ ዓሻ ባሏ ቤት ገብታለች፤ በኑርቶ ሰዓት ስንት ጊዜ እየሳቀች እንደሄደች መንደሩ ይመስክር። ዲሪር ጫማውን አውልቆ ግቢው ውስጥ በተዘረጋው የጠፍር አልጋ ላይ ተቀመጠ። ፋዱሞ ሩዝና የፍየል ሥጋ አቀረበችለት።

«ሰኞ ያን ቴሌግራም የላክሁት ሦስት ቀን እንዲኖርሽ ብዬ ነው» አለ እየበላ። «ፖስታ ቤት ሰው ያነበዋል፤ ሌላ ነገር መጻፍ አልቻልኩም። ‹ልጅሽ› የሚለው ከጠፋ ያን ዕለት ትደነግጫለሽ፤ ከደነገጥሽ ደግሞ ቤቱን ታጸጂዋለሽ አልኩ።»

«ሰኞ አላየሁትም። ዓሻ ነጠቀችኝ።»

«እና መቼ አየሽው?»

«ዛሬ ረፋድ።»

ዲሪር መብላቱን አቆመ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ መልሶ አደረገው፤ አሁንም አውልቆ ጠረገው።

«ልጄ፣ ለምን ከኔ ቤት ጀመርክ?»

«ስላልታመንኩ ነው። የጨርቅ ቀረጥ ከግማሽ በታች ይውረድ ብዬ ደንብ አቅርቤያለሁ። ያ ጥናት ሙሉውን የሚለው ይህንኑ ነው፤ ኮንትሮባንድን የሚፈጥረው ከፍተኛ ቀረጥ ነው፤ ቀረጡ ከወረደ በሰባት ቀሚስ ተጠቅልሎ በባቡር መሰቃየት ለማንም አያዋጣም፤ ይጠፋል። ‹የኮንትሮባንዲስት ልጅ ስለሆነ ነው ለነሱ የሚቆረቆረው› አሉኝ። እናቴ ቤት ኑና እዩ አልኳቸው። አንድ ጥቅል ተገኝቶ ቢሆን ደንቡም እኔም አልቀን ነበር። አሁን ቅዳሜ ይፈረማል።»

ፋዱሞ ሥጋውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

«ሲጠፋ ኑርቶ ምን ትበላለች?»

«ቀረጥ ከፍላ ሱቅ ትከፍታለች።»

«ኑርቶ? ቀረጥ ከፍላ?»

ዲሪር ሩዙን በማንኪያው ከወዲህ ወዲያ አደረገው። «ጥናቱ ውስጥ ስለ ኑርቶ አልጻፍኩም» አለ።

«ነገስ? የሌላውን ሰው ቤት ይፈትሻሉ?»

«ሆዮ፣ ይሄንን አትጠይቂኝ።»

አልጠየቀችውም። የኢሻ ሶላት ተሰግዶ አብቅቷል፤ መንገዱ ላይ የሰው ኮቴ ይሰማል። ኮቴው በሯ ላይ ቆመ። አንኳኳኩ የኑርቶ ነው፤ ሦስት ጊዜ፣ በመዳፍ።

ፋዱሞ በሩን በሰው ትከሻ ልክ ከፈተችው። ኑርቶ እርጉዝ እንደሆነች ቆማለች። ከኋላዋ ዳሃቦ፣ ከዳሃቦ ኋላ ደግሞ እስከ ልብስ ሰፊው ሱቅ ድረስ ወፋፍራም ሴቶች ተሰልፈዋል።

«ተሳካ አይደል!» አለች ኑርቶ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አልሐምዱሊላህ። ቶሎ አስገቢን፤ ዳሃቦ ልትሞት ነው። አማናውን መልሰን አምጥተናል።»

«መልሳችሁ?»

«እንግዲያስ! ነገ የማን ቤት እንደሚገለበጥ ማን ያውቃል? ያንቺ ግን ተፈትሾ አልቋል፤ ቃለ ጉባኤ ተጽፎበታል። አንድ ቤት ሁለቴ ይፈተሻል? አሁን በድሬዳዋ ከዚህ የበለጠ የታመነ ቤት የለም።»

ይህም ሒሳብ እንከን አልነበረውም። ፋዱሞ ወደ ኋላዋ አላየችም፤ ነገር ግን የማንኪያው ድምፅ መቆሙን ሰማች።

«አልቀበልም» አለች።

«ምኑን?»

«አማናውን።»

ከኋላ አንዷ «ምን አለች?» ብላ ስትጠይቅ ሌላዋ «ዝም በዪ» አለቻት።

«ናያ ፋዱሞ፣ ውስጥ የተቀመጠውን ያጠባሁት እኔ አይደለሁም?»

«አንቺ ነሽ።»

«ዛሬስ እስኪቀልጥ ድረስ ጣቢያ የቆመው ማን ነው?»

«አንቺ ነሽ። እላለሁ፤ ቁርኣን ይዘሽ በዪ ብትይኝም ይዤ እላለሁ። ግን አልቀበልም። ካሁን ወዲያ አንድ ሻሽ እንኳን አልቀበልም።»

«ስትሞቺ ማን እንደሚያጥብሽ አስበሽዋል?»

«አስቤዋለሁ» አለች ፋዱሞ፤ ይህ እውነት ነው፤ ከቀትር ጀምሮ ስታስበው ነበር።

ኑርቶ እጇን ሆዷ ላይ አኖረች፤ ሰዓቶቹ ኳ አሉ። ፋዱሞ ለመዝጋት ያዘችውን በር ጥቂት አዘገየችው።

«ከከተማው ውጪ ሐርላ መንደር ያለችው እኅትሽ ደህና ናት?» አለች።

«እኅቴን ምን አመጣት?»

«ከጠየቅሻት ቆይተሻል። ሄደሽ ጠይቂያት። ሁላችሁም ብትሄዱ ደስ ይላታል። ጋሪ አሁንም ይገኛል።»

ፋዱሞ ስለ ነገ የሰማችው ነገር አልነበረም፤ ማንም አልነገራትም፤ ክፉ መጠርጠር ልማዷ ነው። ኑርቶ ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት በግድግዳ ተጎራብታታለች። ፊቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞራ በእጇ ምልክት ሰጠች፤ ሰልፉ ከኋላው ጀምሮ መበተን ጀመረ።

«ልጄን ሰላም በዪልኝ» አለች ኑርቶ ስትሄድ። «ገብቼ እስመው ነበር፤ በርሽ ግን ጠቦኛል።»

ፋዱሞ ሴቶቹን የጫኑት ጋሪዎች ደወል ወደ ደቻቱ ወንዝ ወርዶ እስኪጠፋ ቆመች። ስትዞር ዲሪር ባዶ እግሩን ቆሟል።

«ልሂድና ልሳማት?» አለ።

«ነገ። ፍተሻው ሲያልቅ።»

«ሆዮ፣ ስለ ፍተሻ የነገርኩሽ ነገር የለም።»

«አልነገርከኝም። ተቀመጥና ሩዝህን ብላ።»

በሩን ገፋችው። ካለፈው መጋቢት ጀምሮ አማና የሚያመጣ ሰው እንዳይጉላላ ገርበብ ብሎ ሲያድር ስለነበረ ቁልፉ አልዞር አለ። ዲሪር ሊረዳት ተራመደ፤ በእጇ መለሰችው። የጎረቤቷን ግድግዳ አንድ ጊዜ አየች፤ መብራት የለበትም። በሁለት እጇ ይዛ፣ በትከሻዋ እንጨቱን ተጭና ቁልፉን አዞረችው፤ ቆለፈ።